«ቤተሰብ ነሽ» አትበሉን፤ ወረቀት ስጡን

ግልጽ ደብዳቤ

ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎችና የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ለሚመለከታችሁ ኃላፊዎች፣ ሦስትና አራት ሰው ቀጥራችሁ ለምታሠሩ የሱቅ ባለቤቶች፣ እንዲሁም እንደ እኔ በሰው ሱቅ ለምትሠሩ ሁሉ

እንደምን ከረማችሁ?

መርካቶ ውስጥ በአንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። ከጥቅምት 2009 እስከ ጥቅምት 2017 ዓ.ም. ድረስ። የተቀጠርኩት ዕቃ ክፍል ነበር፤ እኛ «ስቶር» ነው የምንለው። በኋላ ገንዘብ ተቀባይዋ አግብታ ስትለቅ ካሽ ሬጅስተሩም ወደ እኔ መጣ። ደሞዜ ትንሽ በትንሽ እየተጨመረ መጨረሻ ላይ 9,000 ብር ደርሶ ነበር። ዛሬ እዚያ ወንበር ላይ የአሠሪዬ የእህት ልጅ ተቀምጧል።

የመደብሩን ስም አልጠራም። የባለቤቱንም አልጠራም። ስምንት ዓመት ጋሼ እያልኩ ነው የጠራኋቸው፤ እዚህም ጋሼ እላቸዋለሁ። የምጽፈው ስማቸውን ለማጥፋት አይደለም። በየሱቁ ስንት ሰው በዚሁ መንገድ እንጀራው እንደሚቋረጥ ስለማውቅ ነው። ከጎናችን ባለው ሱቅ ትሠራ የነበረች ጓደኛዬ ከእኔ አንድ ዓመት ቀድማ እንዲሁ ሆናለች። እሷን የተካቻት የባለቤቱ የወንድም ሚስት ናት።

መጀመሪያ ስለ ዋስ ልንገራችሁ።

ለባዕድ ሰው ሥራ የሚጀምረው በዋስ ነው። እኛ አካባቢ ገንዘብና ንብረት የሚይዝ ሰው ያለ ዋስ አይቀጠርም። ዋሱም ደሞዝተኛ መሆን አለበት። ከመሥሪያ ቤቱ ደሞዙን የሚገልጽ ደብዳቤ አጽፎ ይመጣል። እኔ ደሞዝተኛ ዘመድ አልነበረኝም። እናቴ ጉልት ነበር የምትቸረችረው፤ አባቴን ያጣሁት ልጅ ሳለሁ ነው። ሦስት ሳምንት ዋስ ፍለጋ ዞርኩ። በመጨረሻ የፈረሙልኝ የሰፈራችን መምህር ናቸው። አንደኛ ደረጃ ያስተማሩኝ ናቸው። ከትምህርት ቤታቸው ደብዳቤ አጽፈው፣ ከጀሞ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ መርካቶ በሁለት ታክሲ ከእኔ ጋር መጥተው ፈረሙ። «አደራ» ብቻ ነው ያሉኝ። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ የሰኔ 30 ቆጠራ ባለቀ ማግስት ማታ ቤታቸው ጎራ እል ነበር። «ጋሽ መምህር፣ ምንም አልጎደለም» እላቸዋለሁ። «ተባረኪ» ይሉኛል።

የጋሼ የእህት ልጅ ዋስ አልተጠየቀም። ይህ አይደለም የከፋኝ። ሰው ሥጋውን ያምናል፤ እኔም ብሆን አምናለሁ። የከፋኝ ሌላ ነው። ከእኔ ያ ሁሉ ወረቀት ሲጠየቅ ማንም አላፈረም። እኔ አንድ ወረቀት ስጠይቅ ግን ነውር ሆነ።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ወር ውል እንዲጻፍልኝ ጠይቄ ነበር። ጋሼ ሳቁ። በክፋት አይደለም። «አንቺ እኮ ቤተሰብ ነሽ፤ ምን ውል አስፈለገሽ?» አሉኝ። እውነቱን ለመናገር ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነው ቤቴ የገባሁት። ለእናቴም ነገርኳት፤ እሷም ደስ አላት። አሠሪና ሠራተኛ በጽሑፍ ካልተዋዋሉ፣ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የሥራውን ሁኔታ ጽፎና ፈርሞ ለሠራተኛው መስጠት እንዳለበት ያወቅኩት ከወጣሁ በኋላ ነው።

ቤተሰብነቱ ውሸት ነበር ማለት አልችልም። በ2013 እናቴ ስትሞት ጋሼ ሱቁን ዘግተው መጡ። የድንኳኑን የከፈሉት እሳቸው ናቸው። ባለቤታቸው እዝን ይዘው መጥተው ሦስት ቀን ሙሉ ከጎኔ አልተለዩም። ለፋሲካ ዘይትና ዶሮ ይሰጡኝ ነበር። ጡረታዬንም በሐቅ ከፍለዋል። ከእኔ 7 በመቶ፣ ከእሳቸው 11 በመቶ። ከወጣሁ በኋላ ሄጄ አጣርቻለሁ፤ አንድም ወር አልጎደለም። ለዚህ ዛሬም አመሰግናቸዋለሁ።

ግን ቤተሰብ ስለተባልኩ ብዙ ነገር ሳልጠይቅ ቀረሁ። ሕጉ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል። እኔ በስምንት ዓመት ውስጥ ከአንድ ሳምንት በላይ አርፌ አላውቅም። «ልጄ፣ ሲሚንቶ እየገባ ነው። ካላንቺ ማን ይረከበዋል?» ሲሉኝ ፈቃዴን ትቼ እቀራለሁ። እሑድ መኪና ከገባ እመጣለሁ። ትርፍ ሰዓት ይታሰብልኝ ብዬ አላውቅም። የቤት ሥራ ላይ ትርፍ ሰዓት የሚቆጥር ማን አለ?

ነሐሴ 2016 ላይ የእህታቸው ልጅ ከክፍለ ሀገር መጣ። አካውንቲንግ ተመርቆ ሁለት ዓመት ሥራ ያጣ ልጅ ነው። «ልጄ፣ ሥራ አሳዪልኝ፤ እጁን ያፍታታ» አሉኝ። ደስ ብሎኝ ነው ያሳየሁት። ስቶሩ ሰፊ ነው፤ ረዳት እፈልግ ነበር። ለእኔ የመጣልኝ መስሎኝ ነበር።

እስከ ጥቅምት ድረስ አስተማርኩት። ሲሚንቶ ከግድግዳ ራቅ ተደርጎ እንጨት ላይ እንደሚደረደር፤ አለበለዚያ እርጥበት ገብቶበት እንደሚጠጥር። ቀለም ቀድሞ የገባው ከፊት እንደሚቀመጥ። ቢን ካርድ ላይ፣ የዕቃው ገቢና ወጪ በሚመዘገብበት ካርድ ማለቴ ነው፣ ወጪው እዚያው በዚያው ካልተጻፈ ማታ እንደሚረሳ። መጀመሪያ ሰሞን ባለ 10 ፌሮ ብሎ ባለ 12 ሊያስጭን ሲል እጁን ያዝኩት። የብረቱን ጫፍ በጣቱ አስነካሁት። «ዓይንህን አትመን፤ ንካው» አልኩት።

ከሁሉ በላይ ግን የዱቤ ደብተሩን አሳየሁት። ሽፋኑ ተቀዶ በፕላስተር የያዝኩት ደብተር ነው። ማንም ያዝዪ ብሎኝ አይደለም፤ በራሴ የጀመርኩት ነው። የትኛው ኮንትራክተር በ15 ቀኑ ራሱ መጥቶ ይከፍላል፣ የትኛው ካልተደወለለት አይከፍልም፣ ለማን ከስንት ብር በላይ ዱቤ አይሰጥም፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ አለ። ከስማቸው ጎን ምልክት አደርግ ነበር። ክብ፣ ኮከብ፣ አንድ ሰረዝ፣ ሁለት ሰረዝ። ምልክቱን አንድ በአንድ ተረጎምኩለት። ልጁ ገጽ በገጽ በስልኩ ፎቶ አነሳው። «ዕድሜ ይስጥሽ እህቴ» አለኝ። የስምንት ዓመት ሥራዬ በአንድ ከሰዓት አልቆ ስልኩ ውስጥ ገባ። ያኔ እንዲህ ብዬ አላሰብኩትም። አሁን ግን ሌሊት ሌሊት ያ ከሰዓት ነው የሚመጣብኝ።

አርብ ጥቅምት 8 ቀን፣ አሥር ሰዓት ገደማ፣ ጋሼ ከኋላ ወዳለችው ቢሮ ጠሩኝ። ሻይ አዘዙልኝ። «ልጄ፣ እንደምታዪው ሥራ ቀዝቅዟል። ሁለት ደሞዝ አልቻልኩም» አሉኝ። ዝም አልኩ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ «እህቴ እኮ አለቀሰችብኝ፤ ምን ላድርግ?» አሉ። ይህን ሲሉ አላዩኝም፤ ጠረጴዛውን ነው የሚያዩት። በመስኮቱ ልጁ ይታየኛል። የስቶሩ ቁልፍ ጣቱ ላይ ነበር። ጠዋት «እኔ ልክፈተው» ብሎ ወስዶት እንዳልመለሰ ያኔ ነው ልብ ያልኩት። ሻዩን አልጠጣሁትም።

ርክክቡ ሦስት ቀን ፈጀ። ቆርቆሮውን፣ ፌሮውን፣ ቧንቧውን፣ ሲንኩን፣ ቀለሙን፣ አንድ በአንድ ቆጠርን። በመጨረሻ የጎደለው 3 ኪሎ ሚስማር ነው። ሚስማር በሚዛን ሲሸጥ ትንሽ ትንሽ መሳሳቱ አይቀርም። ጋሼ «ተዪው» አሉ። እኔ ግን ከፈልኩ። ማታ መምህሩ ፊት ቀና ብዬ መቆም ፈልጌ ነው።

ርክክቡ እንዳለቀ በኮምፒዩተር የተጻፈ አንድ ወረቀት ቀረበልኝ። «ሥራዬን በራሴ ፈቃድ ለቅቄአለሁ፤ ከድርጅቱ የምጠይቀው ምንም የለም» ይላል። ከወረቀቱ ጋር በፖስታ 10,000 ብር። «ለመቋቋሚያ ይሁንሽ» አሉኝ።

ፈረምኩ።

ለምን ፈረምሽ የምትሉኝ ብዙ ናችሁ። ይሉኝታ ነው። እናቴን የቀበሩልኝ ሰው ፊት «የስንብት ደብዳቤ ይጻፍልኝ፣ ማስጠንቀቂያ ይሰጠኝ» ማለት አቃተኝ። አፌ አልታዘዘልኝም። ቤት ስገባም የሚያበረታኝ አላገኘሁም። «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ ነው። ምን ታመጫለሽ? እግዜር ሌላ ይሰጥሻል» ተባልኩ። እኔም ተቀመጥኩ። ኅዳር አለፈ። ታኅሣሥ አለፈ። ገናን አሳለፍኩ።

ጥር አጋማሽ ላይ የጓደኛዬ ወንድም ቤታቸው አገኘኝ። ሕግ የተማረ ነው። ነገሩን ስነግረው መጀመሪያ የጠየቀኝ «መቼ ነው የወጣሽው?» ብሎ ነው። ቀኑን ነገርኩት። በጣቱ ቆጠረና ዝም አለ። ከሕግ ውጪ የተሰናበተ ሠራተኛ ወደ ሥራው ልመለስ ብሎ መክሰስ የሚችለው በሦስት ወር ውስጥ ነው። እኔን ያለፈኝ በጥቂት ቀን ነበር።

እህቶቼና ወንድሞቼ፣ በሰው ሱቅ የምትሠሩ፣ ሌላውን ሁሉ ብትረሱት ይህችን ያዙልኝ፤ ሦስት ወር። ከሥራ ውሉ መቋረጥ የሚመጣ ክፍያ ለመጠየቅ ደግሞ ስድስት ወር። ይሉኝታ ጊዜ ይበላል። እንደ እኔ ቀን ቆጥሮ የሚነግራችሁ ሰው ቀኑ ካለፈ በኋላ እንዳይመጣባችሁ።

የጓደኛዬ ወንድም አዋጁን አብሮኝ አነበበው። የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ፣ ቁጥር 1156 ነው። አሠሪ የሠራተኛን ውል ማቋረጥ የሚችለው ከሠራተኛው ጠባይ፣ ከመሥራት ችሎታው ወይም ከድርጅቱ አሠራር ጋር የተያያዘ ምክንያት ሲኖረው ነው ይላል፤ አንቀጽ 26 ላይ። ይህ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያ ይህንኑ የሚለውን የዓለም ሥራ ድርጅት 158ኛ ስምምነት ካጸደቀች ከ30 ዓመት በላይ ሆኗታል። እኔ ጠባዬ ተነቅፎ አያውቅም። ችሎታዬን ደግሞ ያ ልጅ ይመስክር። «የባለቤቱ ዘመድ ሥራ ፈልጎ መጣ» የሚል ምክንያት አዋጁን ከላይ እስከ ታች ብታነቡት አታገኙትም።

ሥራ ቀዝቅዟል የሚለውስ? እሱን ሕጉ ያውቀዋል። የሥራ መደብ በበቂ ምክንያት ከተሰረዘና ሠራተኛውን ወደ ሌላ ሥራ ማዛወር ካልተቻለ፣ በማስጠንቀቂያ ማሰናበት ይቻላል። ንግድ ይወድቃል፤ የወደቀ ነጋዴ ሁሉንም ሰው ይዞ ይቀጥል አይባልም። የእኔ መደብ ግን አልተሰረዘም። ወንበሩ አንድ ቀን ባዶ አላደረም። ርክክብ በጨረስን በሁለተኛው ቀን፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ልጁ ደወለልኝ። «እህቴ፣ ባለ 32 ጌጅ ቆርቆሮ ለነጋዴ ስንት ነበር የምትሰጡት?» አለኝ። ነገርኩት። ስልኩን ዘግቼ ነው ያለቀስኩት።

ገንዘቡንም አስልተነዋል። ከአንድ ዓመት በላይ እስከ ዘጠኝ ዓመት ላገለገለ ሰው ማስጠንቀቂያው ሁለት ወር ነው፤ 18,000 ብር። የስንብት ክፍያ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደሞዝ ሆኖ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ ሲሶ ይጨመራል። ለስምንት ዓመት 100 ቀን ይሆናል። 9,000ውን ለ30 ብናካፍለው በቀን 300 ብር ነው፤ የ100 ቀኑ 30,000። ስንብቱ ሕገወጥ ነው ተብሎ ወደ ሥራ መመለሱ ከቀረ ደግሞ ካሣ አለ፤ የ180 ቀን ደሞዝ፣ 54,000። ሲደመር 102,000 ብር። ያልተጠቀምኩበትን የዓመት ፈቃድ አልቆጠርኩም። እኔ በፖስታ 10,000 ብር ይዤ ነው የወጣሁት። የጋሼ ልግስና ነው ብዬ እጅ ነስቼ ነው የተቀበልኩት።

የፈረምኩት ወረቀትስ? ሠራተኛ ሕግ የሰጠውን መብት ትቻለሁ ብሎ ቢፈርም መተዉ ዋጋ የለውም ይላል አዋጁ። ግን «በራሴ ፈቃድ ለቅቄአለሁ» ብሎ የፈረመ ሰው፣ ተገድጄ ነው፣ ተባርሬ ነው ብሎ ማስረዳቱ ከባድ ነው። ስለዚህ አትፈርሙ። ወረቀቱን ወደ ቤት ይዤው ልሂድና ላንብበው በሉ። ይህን ማለት ነውር አይደለም። እኔ ያኔ ያልቻልኳት ዓረፍተ ነገር ይህች ናት።

በየካቲት ወር ወደ አንድ የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ሄጄ ነበር። የትኛው እንደሆነ አልናገርም። ያነጋገረኝ ባለሙያ ጠረጴዛው በፋይል ተሞልቷል። ትሁት ሰው ነው። «ውል አለሽ?» አለኝ። የለኝም። «የስንብት ደብዳቤ?» የለኝም። «ታዲያ በምን ልርዳሽ? ደግሞ ከምትነግሪኝ ቤተሰብ ትመስላላችሁ። በሽምግልና ብትጨርሱት ይሻላል» አለኝ። ወጣሁ። አልፈረድኩበትም፤ እጄ ላይ ምንም አልነበረም። ግን የጽሑፍ ውል አለመኖሩ የሠራተኛውን መብት እንደማያስቀር ሕጉ ይናገራል። ደሞዜ በባንክ ነበር የሚገባው። ጡረታ በስሜ ተከፍሏል። እነዚህ ወረቀቶች አይደሉም? «ከባንክ ማስረጃ አምጪ» ቢለኝ በማግስቱ አመጣ ነበር። ሠራተኛ በሥራ ክርክር ሲከስ የዳኝነት ክፍያ እንደማይከፍል፣ ችሎቱም በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን ሕጉ እንደሚያዝ ቢነግረኝ፣ ያን ቀን ፍርድ ቤት እሄድ ነበር። ክፍያ ለመጠየቅ ገና ሁለት ወር ቀርቶኝ ነበር። «ቤተሰብ ትመስላላችሁ» የሚለው ቃል እዚያም ተከትሎኝ መጣና ወደ ቤቴ መለሰኝ።

የተከበራችሁ ተቆጣጣሪዎች፣ ወደ እናንተ ልምጣ።

በስምንት ዓመት ውስጥ ሱቃችን ብዙ ሰው ገብቷል። የግብር ሰው መጥቶ ካሽ ሬጅስተሩን አይቷል። የንግድ ፈቃድ የሚያይ መጥቷል። የእሳት ማጥፊያ አላችሁ ወይ ያለም አለ። «የሠራተኞቻችሁን ውል አሳዩኝ» ብሎ የገባ ሰው ግን አንድም ቀን አላየሁም። ፋብሪካ ውስጥ ብዙ ሠራተኛ እንዳለ አውቃለሁ፤ እዚያ መሄዳችሁ ትክክል ነው። ፋብሪካው ግን የሰው ኃይል ክፍል አለው፤ ብዙ ጊዜ ማኅበርም አለው። እኛ አራት ነበርን። በአንድ ድርጅት የሠራተኛ ማኅበር ለማቋቋም ቢያንስ 10 ሰው ያስፈልጋል። ጥቂት ሠራተኛ ባላቸው ድርጅቶች የምንሠራ ሰዎች ከየቦታው ተሰባስበን ማኅበር ማቋቋም እንደምንችል ሕጉ ይፈቅዳል። እኔ ግን የመርካቶ የሱቅ ሠራተኞች እንዲህ ሲያደርጉ አላየሁም። ይህን የሚነግረንም አልመጣም።

አንድ ሐሳብ አለኝ። የንግድ ፈቃድ እድሳት ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው። ነጋዴው ፈቃዱን ሲያድስ የግብር ክሊራንስ ይጠየቃል፤ ካላመጣ አይታደስለትም። እዚያው መስኮት ላይ የሠራተኞቹ ውል ቅጂ ለምን አብሮ አይጠየቅም? አንድ ገጽ ነው። የሱቅ ባለቤቱም አያፍርም፣ ሠራተኛውም አያፍርም። «መንግሥት አምጡ አለን» ይባልና ይጻፋል። በእኛ አገር ብዙ ይሉኝታ የሚፈታው እንዲህ ነው። ሁለቱ ሰዎች ፊት ለፊት ሊባባሉት ያልቻሉትን ሦስተኛ ሰው ይጠይቅላቸዋል።

የዋስ ነገርንም እዩልን። ሰው ሲቀጠር ዋሱ ይፈርማል፤ ሲሰናበት ግን ዋሱን የሚፈታው የለም። ርክክብ ካለቀ በኋላ የዋስትናው ወረቀት በዚህን ያህል ቀን ውስጥ ይመለስ የሚል አሠራር ቢኖር ስንት ሰው ያርፍ ነበር።

የሱቅ ባለቤቶች ሆይ፣ ዘመድ አትቅጠሩ አልልም። ሕጉም አይልም። እኔ ሱቅ ቢኖረኝ መጀመሪያ የምጠራው ያቺን ጉልት ላይ ያለችውን የአክስቴን ልጅ ነው። ዘመዳችሁ ሲመጣ ግን ሁለት ሰው የሚይዝ ሥራ ካለ ሁለቱንም ያዙ። ከሌለና የባዕዱን ቦታ ለዘመድ መስጠት ከፈለጋችሁ፣ እያስተማረ ሳለ ንገሩት። ነሐሴ ላይ «ልጄ፣ ልጁ አንቺን ሊተካ ነው የመጣው» ብባል ኖሮ ሥራ መፈለጊያ ሁለት ወር አገኝ ነበር። ተስማምተን እንለያይ በሉትና የሚገባውን ከፍላችሁ አሰናብቱት። ሥራውን በእጁ አስወስዳችሁ ስታበቁ ሥራ ቀዘቀዘ አትበሉት። የቀዘቀዘ ሥራ ማን ይማረዋል?

በልጁ አልተቀየምኩም። ይህን እንዲያውቀው እፈልጋለሁ። ዲግሪ ይዞ ሁለት ዓመት እናቱ ቤት የተቀመጠ ልጅ አጎቱ ና ሲለው እምቢ ይላል ብዬ አልጠብቅም። ስድስት ጊዜ ነው ደውሎ የጠየቀኝ፤ ስድስቱንም ጊዜ መልሼለታለሁ። ግን ለእሱም እፈራለታለሁ። እሱም ውል የለውም። እሱም «ቤተሰብ ነህ» ተብሎ ነው የገባው። ትርፍ ሰዓቱን ማን ይቆጥርለታል? ነገ የጋሼ የራሳቸው ልጅ ትምህርቱን ጨርሶ ሲመጣ፣ የእህት ልጅ ከወላጅ ልጅ ጋር ሲተያይ፣ ያ ወንበር የማን ይሆናል? ደብተሩን ያን ጊዜ ማን በፎቶ ያነሳዋል?

ከወጣሁ ዘጠኝ ወር ሆነኝ። አሁን ለሁለት ትንንሽ ሱቆች ሒሳብ እየያዝኩ ነው የምኖረው። ባለፈው ወር ሳሪስ አካባቢ አንድ ጥሩ ሥራ አግኝቼ ነበር። የሥራ ልምድ ወረቀት ጠየቁኝ። ጋሼን ሁለት ጊዜ ደውዬ ጠየቅኳቸው። «ይጻፍልሻል ልጄ» አሉኝ፤ አልተጻፈም። ይህንንም ሕጉ ያውቀዋል። ሠራተኛ ሲለቅ ወይም በጠየቀ ጊዜ፣ የሠራውን ሥራ፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደሞዙን የሚገልጽ ወረቀት ያለ ክፍያ ይሰጠዋል። የሳሪሱ ሥራ ለሌላ ሰው ሄደ።

እሱን እችለዋለሁ። ያልቻልኩት የመምህሩን ነው። የመጨረሻ ልጃቸው ዘንድሮ ተመርቆ ሥራ አግኝቷል። ዋስ ያስፈልገዋል። መምህሩ ለገዛ ልጃቸው ሊፈርሙ ደብዳቤ ሲጠይቁ፣ ትምህርት ቤታቸው «እርስዎ እኮ ዋስትና ላይ ነዎት» አላቸው። ለእኔ የፈረሙት እስካሁን አልተፈታም። ይህን የነገሩኝ እሳቸው አይደሉም፤ ባለቤታቸው ናቸው። እሳቸውማ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ «ሥራ አገኘሽ ወይ?» ብቻ ነው የሚሉኝ።

ጋሼ፣ ይህ ደብዳቤ እጅዎ ከገባ ስለ ገንዘቡ አይጨነቁ፤ ጊዜው እንዳለፈ አውቃለሁ። የዋስትናው ወረቀት ከጠረጴዛዎ በሁለተኛው መሳቢያ፣ ቢጫው ክላሰር ውስጥ ነው ያለው። እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት። ከሱ ጋር አንድ መስመር ጽፈው፣ ማኅተም አድርገው፣ «ከዋስትናቸው ነፃ ናቸው» ብለው ይላኩልኝ። በልጁ እጅ ቢልኩትም ይሆናል። ስልኬን ያውቀዋል።

ከአክብሮት ጋር
የቀድሞ የስቶር ሠራተኛ
አዲስ አበባ፣ ሐምሌ 2017 ዓ.ም.